ቡጢና ባቄላ

አሰልጣኙ መጀመሪያ የነገረኝ ነገር ቡጢ አትመቺም የሚል ነበር። ያን ቀን የቦክስ መለማመጃውን ጆንያ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስመታ ቆይቼ፣ ፋሻው ጣቶቼ ላይ ደም ይዞ፣ ላቤ ወገቤ ድረስ ወርዶ ነበር። ከእኔ በዕድሜ ብዙም አይበልጥም፤ ድሮ በሠራዊቱ ውስጥ ይቦክስ ነበር፤ ሲናገር የሰው ፊት አያይም። የሚወዛወዘውን ጆንያ በእጁ ያዝ አድርጎ አቆመውና፣ «እጅሽን እያስቀመጥሽው ነው። ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ እንደሚያስቀምጥ ሰው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ዐረብ አገር ሰው ቤት ስሠራ ከሁሉ አስቀድሜ የተማርኩት ድምፅ አለማሰማትን ነው። ብርጭቆ ሲቀመጥ፣ በር ሲዘጋ፣ ማንኪያ ሲታጠብ ኮሽ ካለ እመቤቲቱ ከመኝታ ቤቷ ትጣራለች። ስለዚህ እጄ ዕቃው ላይ ሊደርስ ሲል ራሱን መግታት ለመደ። ቡጢዬም ጆንያው ጋ ሲደርስ ያንኑ ያደርጋል፤ ጫፉ ላይ ይለሰልሳል። ይህን ለአሰልጣኙ አላስረዳሁትም። እሺ ብዬ መምታቴን ቀጠልኩ።

አዳራሹ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ አሁን የወጣቶች ስፖርት ይሠራበታል። ጆንያዎቹ ከታች አሸዋ፣ ከላይ ሰጋቱራ ተሞልተው በሰንሰለት ተንጠልጥለዋል። ከአክስቴ ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነው። ከዐረብ አገር እንደተመለስኩ ሰሞን ጓዳ ቁጭ ብዬ ቀኑን ሙሉ የምሰማው የዚያን ጆንያ ድምፅ ነበር። አንድ ቀን ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሄድኩና በሩ ላይ ቆምኩ። ሰው ነገርን እንዲያ በኃይል ሲመታ ማንም የማይቆጣበት ቦታ መኖሩ ገርሞኝ ይሆናል።

ያኔ ደንዝዤ ነበር። ፋሻው ሲፈታ ቆዳዬ አብሮ ሲላጥ በዓይኔ አያለሁ እንጂ አይሰማኝም። ሰው ሲያወራኝ እሰማለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ምን እንዳልኩ ግን ወዲያው ይጠፋኛል።

ከዐረብ አገር የመጣሁ ዕለት አክስቴ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። አበባ አበባ ያለበት አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰው ነበር። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ እሳቸውና እናቴ አንድ ቤት ይኖሩ ነበር፤ የምደውልበት ስልክም የእሳቸው ነው። እናቴስ ስላቸው ጣራ ገዳም ጠበል ናት፣ ሰሞኑን አብረን እንሄዳለን አሉኝ። ሦስት ቀን እንዳርፍ ተዉኝ። በአራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አጎቶቼ ገቡ፣ የሰፈር ሽማግሌዎች ገቡ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ገቡ። በኛ አገር መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ በማለዳ፣ ሰው ሥራ ሳይጀምር፣ ብቻውን ሳይሆን። በስልክ የሚነግር ሰው እንደ ጨካኝ ይቆጠራል። ሁለት ሴቶች ራሴን እንዳልጥል እጆቼን ሊይዙ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። አክስቴ የዚያን ማለዳ ጥቁራቸውን መልሰው ለብሰው በር ሥር ቆመዋል። ትልቁ አጎቴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እናትሽ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፣ ተዝካሯም ወጥቷል አለኝ።

«እሺ» አልኩ።

ሁሉም ጠበቁ። ሴቶቹ ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን አንሥተው እኔን ያያሉ፤ እኔ ሳልጀምር እነሱ መጀመር አልቻሉም። እኔ ግን ተነሥቼ ቁርስ በልተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ጎረቤታችን የሆነች አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ድንጋይዋ እባላለሁ፤ ልቧን ዐረብ አገር ጥላው መጣች ብላ ያወራችው ያቺው ሴት ናት። አልተቀየምኳትም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ያንኑ አወራ ነበር።

ማንም ያላወቀው፣ መርዶው ለእኔ አዲስ አለመሆኑን ነው። እናቴ መሞቷን ያወቅሁት በሞተችበት ሳምንት ነበር። በየሳምንቱ ዓርብ ነበር የምደውለው። ያን ዓርብ አክስቴ ስልኩን ሲያነሡ ድምፃቸው ተዘግቷል፤ ጉንፋን ነው አሉ። ጉንፋን የዘጋው ድምፅና ሦስት ቀን ተለቅሶ የተዘጋ ድምፅ አንድ አይደለም። በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ስንት ለቅሶ ቤት ዞሬያለሁ። ቀጥለው እናትሽ ጠበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይገባም አሉኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና የጌቶቹን ሸሚዝ መተኮሴን ቀጠልኩ። ማልቀሻ ቦታ አልነበረኝም፤ ድምፅ የሌለው ለቅሶ ደግሞ አላውቅበትም። በሚቀጥለው ዓርብ፣ እናቴ ከጠበል ወጣች ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ከዚያ በኋላ ባለውም ዓርብ። አክስቴ ገና ናት ይላሉ፣ እኔ እሺ እላለሁ። እንዲህ በተባልኩ ቁጥር በውዳሴ ማርያሜ የኋላ ልባድ ላይ በእርሳስ አንድ ሰረዝ አሰምር ነበር። ለምን እንደቆጠርኩ አላውቅም። ጠበል ናት ሲሉኝ ግን እስከሚቀጥለው ዓርብ ድረስ እናት ያለኝ ይመስለኝ ነበር፤ ይህን አልክድም።

የነቢያት ጾም እንደገባ አሰልጣኙ ለባሕር ዳሩ የክልል ውድድር የሚላኩ ልጆች እንደሚመረጡ ነገረን። በእኔ ኪሎ ሁለት ነን፤ እኔና ከአንበሳሜ የምትመጣ አንዲት ልጅ። ከገና በፊት እኔና እሷ እንገጥማለን፤ ያሸነፈች ትሄዳለች። ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ የጨመረልኝ ነገር አለ። ቡጢሽ ክብደት ካላገኘ ብታሸንፊም አልክሽም፤ እዚያ የማይመታ ሰው ተደብድቦ ነው የሚመለሰው፣ እኔ ያንን በሕሊናዬ አልሸከምም አለኝ። መሄድ እፈልግ እንደሆነ ራሴን ጠየቅኩ። እፈልጋለሁ። ከተመለስኩ ወዲህ የፈለግኩት የመጀመሪያው ነገር ስለሆነ እንዳያመልጠኝ አጥብቄ ያዝኩት።

አሰልጣኙ ቡጢ ከእጅ አይመጣም ይል ነበር። ከኋላ እግር ተረከዝ ይነሣል፣ ዳሌን ያዞራል፣ በትከሻ በኩል ያልፋል፤ እጅ የሚያደርሰው ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ጉና በሚወስደው መንገድ፣ ውርጩ ሣሩ ላይ ሳይሟሟ፣ ዳገቱን እንሮጣለን። ስንመለስ የባሕር ዛፍ ጉቶ በመጥረቢያ እንፈልጣለን። አሸዋ የተሞላ ኳስ ከደረታችን እያስወነጨፍን ከግድግዳ ጋር እናላትማለን። አሮጌ የጭነት መኪና ጎማ በመዶሻ እንደበድባለን፤ ጎማ ክፉ ነው፣ የሰጡትን ያህል ይመልሳል። ጉቶ መፍለጥ ላይ ከወንዶቹም እሻል ነበር። መጥረቢያ መንገድ ላይ ሐሳቡን አይቀይርም፤ አንዴ ከወረደ ወረደ ነው። ጆንያው ጋ ስመለስ ግን እጄ ያው የጥንቱ ነው። አሰልጣኙ ከጆንያው ጀርባ በትከሻው ተደግፎ ይቆምና፣ «አልተሰማኝም» ይለኛል። እኔም አልተሰማኝም እላለሁ በሆዴ።

እግርሽ ይጠንክር ብሎ ማለዳ ማለዳ ቁጭ ብድግ አዘዘልኝ። በአክስቴ ቤት ደግሞ ከእኔ በፊት ቁጭ ብድግ የሚል ሰው ነበረ። አክስቴ ከቅዳሜና እሑድ በቀር በየማለዳው አጎዛቸውን አንጥፈው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይሰግዳሉ። ሲነሡ ጉልበታቸው ቀጭ ሲል ከአልጋዬ ሆኜ እሰማዋለሁ። እሳቸው ሲሰግዱ እኔ ጎናቸው ቆሜ ቁጭ ብድግ መሥራት ጀመርኩ። አንድ ቀን ዞር ብለው አዩኝና ስግደት መቀለጃ አይደለም አሉ። ግን አላስቆሙኝም፤ እንዲያውም የወደዱት ይመስለኛል። ሲጨርሱ መደርደሪያው ላይ ካለው የወተት ዱቄት ጣሳ አንዲት ነገር አውጥተው በመስኮት ወደ ጓሮ ይወረውራሉ። ለወፍ መስሎኝ ነበር።

አሰልጣኙ ጾም ነው ብላችሁ አትራቡ፣ ባቄላና ሽምብራ ብሉ፣ ባዶ ሆድ ቡጢ አያወጣም ብሎናል። አንድ ቀን ከልምምድ ስመለስ አክስቴ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፤ ቤት ውስጥ የሚበላ ነገር የለም። ጣሳውን አወረድኩና ከፈትኩት። ባቄላ ነው፤ አንድ እፍኝ ያህል። ቀቀልኩት፣ ጨው ነሰነስኩበት፣ እዚያው ምድጃው አጠገብ ቆሜ በላሁት። ጣሳውንም አጥቤ ደፋሁት። ዕቃ ሳላጥብ መተው አልችልም።

አክስቴ ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት የተደፋውን ጣሳ ነው። ባቄላው የታለ አሉኝ። ንፍሮ አድርጌ በላሁት አልኳቸው። የሚስቁ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብለው በሩ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ።

«ንስሐዬን እኮ ነው የበላሽው፣ አንች ልጅ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ለእኔ በስልክ የሚናገሩት ውሸት ከበዳቸው፤ ይልቁንም የገዳሙን ስም ለውሸት መጥራታቸው እንቅልፍ ነሣቸው። ለንስሐ አባታቸው ነገሩ። ቄሱም ልጅቱ በሰው አገር ብቻዋን ከምትሰማ ብትቆይ ይሻላል፣ ውሸቱ ግን ውሸት ነው፣ እሷ መጥታ እውነቱን ስትነግሪያት ለእያንዳንዱ ውሸት አርባ አንድ አርባ አንድ ትሰግጃለሽ ብለው ቀኖና ሰጧቸው። አክስቴ መጻፍ አይችሉም። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ስልኩን ሲዘጉ አንድ ባቄላ ጣሳው ውስጥ ይጥላሉ። እኔ ከተመለስኩ ወዲህ ደግሞ አርባ አንድ ስግደት ሲሞላላቸው አንዱን አውጥተው ይወረውራሉ። ማለቂያው እየቀረበ ነበር፤ እኔ ቀቅዬ በላሁት።

ቢገምቱትስ አልኳቸው። ቀኖና በግምት አይሰገድም አሉኝ፤ ደግሞስ ያልደወልሽበት ሳምንት አለ፣ ሁለቴ የደወልሽበትም አለ፣ በምን አውቀዋለሁ። ታዲያ ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው አልኩ። ንስሐዬን ልጅ ቀቅላ በላችው ልበላቸው አሉና ይሄኔ በእርግጥ ትንሽ ሳቁ። ከነገ ጀምሮ ከሀ እንደሚጀምሩ፣ መጨረሻውን እግዜር እንደሚያውቀው ነግረውኝ ራት ሊሠሩ ተነሡ።

መጨረሻውን እኔም አውቀው ነበር። ሰማንያ ሰባት ነው። ከአልጋዬ ሥር፣ ሻንጣዬ ውስጥ፣ በውዳሴ ማርያሜ ጀርባ ላይ በእርሳስ ተሰምሯል። ቁጥሩን መናገር ግን ቆጥሬ ነበር ማለት ነው፤ ቆጥሬ ነበር ማለት ደግሞ እያወቅሁ እጠይቅዎት ነበር ማለት ነው። እኔ በጠየቅኩ ቁጥር እሳቸው አርባ አንድ ጊዜ ግንባራቸውን መሬት አስነክተዋል። አልነገርኳቸውም። ማፈር ነበረብኝ፤ ያፈርኩ ግን አይመስለኝም። ማፈር እንዳለብኝ ብቻ ነው ያወቅሁት።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ማለዳ ማለዳ ጉልበታቸው ሲጮህ ሰማሁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የአልጋውን ጠርዝ ይዘው መነሣት ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ ግራ ጉልበታቸው አብጦ፣ በጨርቅ አስረውት ይሰግዱ ነበር። እኔ ጎናቸው ቁጭ ብድግ እላለሁ፤ የእኔ እግር በየቀኑ ይጠነክራል። ቃሉ ሊወጣ አፌ ድረስ ይመጣና እዚያው ጫፉ ላይ ይለሰልሳል። ከዚያ ዳገቱን ለመሮጥ እወጣለሁ።

ግጥሚያው ቅዳሜ ከሰዓት በዚያው በመጋዘኑ አዳራሽ ሆነ፤ ሪንጉን በገመድ ከልለውታል፣ ዳኛው ራሱ አሰልጣኙ ነው። የአንበሳሜዋ ልጅ እናቷን ይዛ መጥታለች። ሴትዮዋ ከፊት አግዳሚ ወንበር ላይ የልጇን ጫማ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ቦክስ አይተው እንደማያውቁ ያስታውቃሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ተነካክተን አለፍን። እኔ ልጅቱን ስነካት የእናትየው ትከሻ ሽምቅቅ ሲል አየዋለሁ። ማየት አልነበረብኝም፤ ግን ከልጅቱ ይልቅ እሳቸውን ነበር የማየው።

ሦስተኛው ዙር ላይ ልጅቱ ደክሟት ግራ እጇን አወረደች። የቀኝ ተረከዜ ጉቶ ልፈልጥ እንደምነሣው ተነሣ፣ ዳሌዬ ዞረ። እጄ ሲደርስ ለመግታት እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። ድምፁን ሰማሁት። ልጅቱ ባለችበት ቁጭ አለች። እናቷ ጫማውን ጥለው ብድግ አሉ፤ በሁለት እጃቸው ደረታቸውን እየመቱ ልጄን፣ ልጄን ይላሉ። አሰልጣኙ መቁጠር ጀመረ። ስድስት ላይ ልጅቱ አፍራ ፈገግ እያለች ተነሣች፤ ስምንት ድረስ ቆጠረላትና ዓይኗን አይቶ ግጥሚያውን አቆመው። እናቷ ገመዱን ሾልከው ገብተው ፊቷን በነጠላቸው ይጠርጉላት ጀመር፣ ጫማዋንም ተንበርክከው አጠለቁላት። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ይህን ሁሉ አየሁ። ጥርስ ሲነቀል የተወጉት መርፌ ሊለቅ ሲል ድድ ላይ እንደሚመጣው ዓይነት ነገር ደረቴ ላይ ተሰማኝ፤ ሕመም አይደለም፣ ሕመም እንደሚመጣ ማወቅ ነው። አሰልጣኙ እጄን ወደ ላይ አነሣና አንዴ ፊቴን አየኝ።

«አሁን ተሰማኝ» አለ።

ቤት ስገባ አክስቴ ጉልበታቸውን ዘርግተው ምስር ይለቅማሉ። ፋሻውን ሳልፈታ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎተትኩ፤ ውዳሴ ማርያሜን አውጥቼ የኋላውን ልባድ ገለጥኩና ሰፌዳቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ሰማንያ ሰባት ነው አልኳቸው፤ ስግደቱ ሰማንያ ሰባት ላይ ያልቃል። ማንበብ ባይችሉም ሰረዝ መቁጠር ይችላሉ። በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ሄዱበት። ከዚያ ቀና ሳይሉ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው አሉኝ። ድምፅዎ ከተዘጋበት ዕለት ጀምሮ አልኳቸው።

ከምስሩ አንዲት ጠጠር ለቅመው ጣሉ።

«ታዲያ ለምን ትጠይቂኝ ነበር?»

«ጠበል ናት ሲሉኝ እንድሰማ።»

አክስቴ ሰፌዱን መሬት አስቀምጠው ወደ ጓዳ ገቡ፤ መጋረጃውንም ጣሉት። በአንድ ቀን ሁለት ሰው መምታቴ ነው። የመጀመሪያዋ ስድስት ሲቆጠር ተነሥታለች። አክስቴ ግን ቅዳሜ ማታንም፣ እሑድን ሙሉ ቀንም አላናገሩኝም።

ሰኞ ማለዳ ቀሰቀሱኝ። አጎዛው የተነጠፈው በእሳቸው በኩል ሳይሆን በእኔ በኩል ነው። ጣሳው አጠገቡ ተቀምጧል፤ አዲስ ባቄላ ተቆጥሮ ገብቶበታል። በመቁጠሪያቸው ወደ ጣሳው እያመለከቱ፣ የመጀመሪያውንም የአሁኑንም ስግደቴን ብደምረው በቅቶኛል አሉ።

«የቀረው ያንች ነው።»

በርጩማው ላይ ተቀምጠው መቁጠር ጀመሩ። እግሬ ጠንካራ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ምንም አልመሰለኝም፣ እንደ ቁጭ ብድግ ሠራሁት። አራተኛው ላይ ግንባሬ ከአጎዛው አልፎ ወለሉን ነካ። ሲሚንቶው ቀዘቀዘኝ። የደብረ ታቦር ማለዳ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ከተመለስኩ ወዲህ አላስተዋልኩትም ነበር። አምስት አሉ፣ ቀዘቀዘኝ። ስድስት። ሰባት ላይ የጣቶቼ ቁስል አመመኝ። ዘጠኝ ሲሉ ግንባሬ መሬት ላይ እንዳለ መነሣት አቃተኝ። ጉቶ የሚሰነጥቅ ጉልበት ይዤ መነሣት አቃተኝ። ከጉሮሮዬ አንድ ድምፅ ወጣ። ትልቅ ድምፅ ነበር፤ አልገታሁትም።

አክስቴ አሥር አላሉም። መቁጠሪያውን ሲያስቀምጡ ሰማሁ፤ ከዚያ በዚያ ባበጠ ጉልበታቸው አጠገቤ ወርደው እጃቸውን ጀርባዬ ላይ ጣሉ፣ እሳቸውም ጀመሩ። ስንት እንደቆየን አላውቅም። በሩ ሲከፈት ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ገሚሶቹ ባዶ እግራቸውን መጥተው ነበር። ድንጋይዋ ያለችኝ ሴትም ከፊት ናት። ከመሬት ልታነሣኝ ጎንበስ አለችና፣ ማን ሞተባችሁ ብላ አክስቴን ጠየቀቻቸው።

«እህቴ» አሉ አክስቴ።